ማንም የማያስረው ቀለበት

አማርኛችን ቀለበትን የሚያውቀው ከትዳር ጋር ነው። «ቀለበት አሰረች» ከተባለ ሠርጉ ቀርቧል ማለት ነው። ኮክቴይል ቀለበት ግን የማንም እጮኛ መሆንን አይናገርም። ሴቲቱ ራሷ ወዳ፣ ብዙ ጊዜም በገዛ ገንዘቧ ገዝታ በቀኝ እጇ የምታጠልቀው ነው። ፈርጡ ግዙፍ ነው፤ አንዳንዱማ ጎረቤት ጣቶችን ጭምር ይሸፍናል።

ስሙ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. አልኮል ማምረትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ታግዶ ነበር። ከተሜው ግን በድብቅ መጠጥ ቤቶች እየተሰበሰበ ኮክቴይል የሚባለውን ቅይጥ መጠጥ ይጎነጫል። በዚያው በ1920 የመምረጥ መብታቸው በሕገ መንግሥት የተረጋገጠላቸው ሴቶችም ፀጉራቸውን አሳጥረው ከወንዶች እኩል ይቀመጡ ጀመር። ብርጭቆ ያነሳች እጅ በደብዛዛ መብራት እንድትታይ ትልቅ ፈርጥ ያሻታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ፕላቲነምን ለጦር ሥራ ሲይዘው አንጥረኞች ወደ ወርቅ ዞሩ። ድንጋዩም ተለወጠ፦ እንደ ሲትሪን፣ አሜቴስትና አኳማሪን ያሉ፣ በትልልቅ መጠን የሚገኙና ዋጋቸው ከአልማዝ ቀለል የሚል ፈርጦች ቦታ አገኙ። ለዚህ ቀለበት ቀለምና ግዝፈት ከዋጋ ይቀድማሉ።

ውድ የሆነም አለ። ተዋናይት ኤልሳቤጥ ቴይለር ባለቤቷ ሪቻርድ በርተን በ1968 እ.ኤ.አ. የገዛላትን የ33.19 ካራት አልማዝ ቀለበት ለግብዣ ብቻ አላስቀመጠችውም፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል ታጠልቀው ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ.፣ ከሞተች በኋላ፣ በጨረታ 8.8 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት።

ለእንዲህ ያለ ቀለበት የሚሆን ፈርጥ የእኛም አገር አላት። በ2008 እ.ኤ.አ. በወሎ፣ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ዛሬ በዓለም ገበያ ታዋቂ ነው። እጅን ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉ በውስጡ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ ብልጭታ ይሯሯጣል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃውን ይመጠውና እንደ መስታወት ይጠራል፤ ብልጭታውም ይደበዝዛል። ሲደርቅ ይመለሳል።

ለመግዛት ያሰበች ሴት አስቀድማ የቀለበቱን ክብ ትመልከት። ክቡ ቀጭን ከሆነ ከባዱ ፈርጥ እየዞረ ወደ መዳፍ ይገለበጣል። ፈርጡ ኦፓል ከሆነ ደግሞ ሽቶ ሲቀባ፣ ዕቃ ሲታጠብ፣ ቅባት ሲነካ ቀለበቱ ቀድሞ ይውለቅ።