ወለዱ የማን ነው?

እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) ድረስ እንግሊዝ አገር ያገባች ሴት በባንክ ያስቀመጠችው ገንዘብ የሚያስገኘው ወለድ በግብር ሕጉ ዓይን የባሏ ገቢ ነበር። የሚያሳውቀው እሱ፣ የሚጠየቅበትም እሱ። ሚስት ለክፉ ቀን ብላ ከባሏ ደብቃ ያኖረቻት ጥሪት ካለች ሕጉ ምስጢሯን አይጠብቅላትም ነበር ማለት ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ናይጀል ላውሰን በ1988 በጀታቸው ይህ እንደሚቀር አስታወቁ፤ ከኤፕሪል 1990 ጀምሮ ባልም ሚስትም ለየራሳቸው ግብር ከፋይ ሆኑ።

ነገሩ ሌላ በር ከፈተ። የሁለቱ ገቢ ለየብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ቁጠባውን አነስተኛ ገቢ ባለው ወገን ስም ማስቀመጥ ያዋጣል።

ሎንደን ውስጥ በዓመት 60,000 ፓውንድ ደመወዝ የሚያገኝ ባል 40,000 ፓውንድ በ4 በመቶ ወለድ አስቀመጠ እንበል። ወለዱ 1,600 ፓውንድ ይሆናል። እሱ ባለበት የ40 በመቶ እርከን ከግብር ነፃ የሚሆንለት ወለድ 500 ፓውንድ ብቻ ስለሆነ ከቀሪው 1,100 ላይ 440 ፓውንድ ይከፍላል። ሂሳቡ የጋራ ቢሆን ወለዱ እኩል ይካፈልና የሱ ግብር ወደ 120 ይወርዳል። ልጅ እያሳደገች ቤት በምትውለው ሚስቱ ስም ቢሆን ግን አንድም ሳንቲም አይከፈልም።

ለምን? አብዛኛው ሰው ከሚያገኘው ገቢ የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ ከግብር ነፃ ነው። ሌላ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቆጣቢ እስከ 5,000 የሚደርስ ወለድ በዜሮ በመቶ ይታለፍለታል፤ በዚያ ላይ የ1,000 ፓውንድ ነፃ ወለድ አለ። ምንም ሌላ ገቢ የሌላት ሚስት 18,570 ፓውንድ ወለድ ብታገኝ እንኳ ግብር አይነካትም። (በ4 በመቶ ያን ያህል ለማግኘት ከ460 ሺህ ፓውንድ በላይ ማስቀመጥ ይጠይቃል፤ ያ ያለው ሰው መቼም አማካሪ አያጣም።) የተወሰነ ሰዓት ሠርታ በዓመት 15,000 ብታገኝም 3,570 ፓውንድ ወለድ ድረስ ነፃ ናት።

ብዙዎች ልብ የማይሉት ሌላ ጉዳይ አለ። በዚያ አገር ከባልና ሚስቱ የአንዱ ገቢ ከ60,000 ፓውንድ ሲያልፍ፣ በየ200 ፓውንዱ ለልጆች ከሚሰጠው ድጎማ 1 በመቶ በግብር መልክ ይመለሳል። ወለድ፣ ከግብር ነፃ የሆነው ሳይቀር፣ ይቆጠራል። ስለዚህ የዚያ ባል 1,600 ፓውንድ ከድጎማው 8 በመቶውን ይዞበት ይሄዳል።

ገንዘቡን በሚስት ስም ሲያደርጉ ዋናው ነገር ስጦታው የእውነት መሆኑ ነው። ሂሳቡ በሚስት ስም ሆኖ ካርዱ ከባል ኪስ የማይወጣ፣ ወለዱም በየወሩ ወደሱ የሚመለስ ከሆነ፣ ግብር ሰብሳቢው የሚያየው ደብተሩ ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ገንዘቡን የሚያዝበትን ሰው ነው። ከተሰጣት የሷ ነው፤ ሳታማክረው ብታወጣውም መብቷ ነው። ለግብር ሲባል «የሷ ነው» ብሎ በጠብ ቀን «የኔ ነበር» ማለት አያስኬድም።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት በሚባለው የአነስተኛ ገቢ ድጎማ ለሚተዳደር ቤተሰብ ደግሞ ስም መቀየር ፋይዳ የለውም። ቁጠባቸው አንድ ላይ ይደመራል፤ 16,000 ፓውንድ ካለፈ ድጎማው ይቀራል። ዘዴውን ወደ አዲስ አበባ ይዞ መምጣትም ትርጉም የለውም፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በቁጠባ ወለድ ላይ የጣለው 5 በመቶ ባንኩ ራሱ ቀንሶ የሚያስቀረው ነበር፤ ባለሂሳቡ ባል ሆነ ሚስት፣ ሀብታም ሆነ ድኻ ልዩነት አያመጣም።

እንግሊዝ ላሉት ግን ሂሳቡ እየከበደ ነው። በኖቬምበር 2025 በጀት እንደተወሰነው፣ ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ የወለድ ግብር በየእርከኑ 2 በመቶ ነጥብ ይጨምራል፤ የዚያ ባል 440 ፓውንድም 462 ይሆናል።