«ማን ልሁን?»፦ አብሮ በመሰንበት የቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ የስያሜ ጉዳይ

ሀ. የጥያቄው መነሻ

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙ ሳይርቅ፣ ወጣቶች እየከፈሉ የቪዲዮ ጨዋታ የሚጫወቱባቸው ቤቶች አሉ። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቆሞ ለሚያዳምጥ የቋንቋ ተመራማሪ ቶሎ ወደ ጆሮው የሚገባው «ማንን ይዘህ ነው የምትጫወተው?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ የእግር ኳስ ቡድን ስም ይሆናል፤ «አርሴናልን ይዤ»፣ «ባርሴሎናን ይዤ» ይባላል። ጠያቂውም መላሹም ቃል እንፍጠር ብለው አልተነሡም። ይሁን እንጂ በዚህች አጭር ምልልስ ውስጥ የስያሜ ሥራ ለሚሠሩ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከእግር ኳሱ ለየት ያለ የጨዋታ ዓይነት ነው። በዚህኛው ዓይነት ተጫዋቾቹ አይፎካከሩም። እያንዳንዳቸው የራሱ ብርታትና የራሱ ጉድለት ያለውን አንድ ሰው ይመርጡና፣ ራብን፣ ብርድን፣ ጨለማንና አውሬን በኅብረት ተቋቁመው ቀን ለመግፋት ይጥራሉ። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ገና ከመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ችግር ይገጥመዋል። ችግሩ የቃላት እጥረት ብቻ አይደለም፤ ያሉት ቃላት በአገራችን ታሪክ የተሸከሙት ክብደትም ጭምር ነው።

ለ. ምሳሌ የሚሆነን ጨዋታ

ለማስረጃነት የተመረጠው «ዶንት ስታርቭ ቱጌዘር» የሚባለው ጨዋታ ነው። ሠሪው በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ የሚገኘው ክሌይ ኢንተርቴይንመንት ሲሆን፣ ለአንድ ተጫዋች የተዘጋጀው የመጀመሪያው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ለብዙዎች የተዘጋጀው ደግሞ ሙሉ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። ከሚመረጡት ሰዎች መካከል ዊልሰን ጢሙ የሚያድግና በክረምት ብርድ የሚከላከልለት ሳይንቲስት ነው። ዎልፍጋንግ ክንደ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ጨለማና አውሬ ያርዱታል። ዊከርቦተም መጽሐፍ መጻፍ የምትችል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ እንቅልፍ ግን አይወስዳትም። ደብልዩ ኤክስ 78 የተበላሸ ምግብ የማይጎዳው፣ ዝናብ ግን የሚጎዳው ሮቦት ነው። ዌስ ከሁሉ ደካማ ሲሆን ቃል አይናገርም። ጨዋታውን የሚያጣፍጠው የአንዱ ጉድለት በሌላው ብርታት መሞላቱ ነው።

ሐ. «ገጸ ባሕርይ» የሚችለውና የማይችለው

ለእንዲህ ያለው ተመራጭ ሰው በመጀመሪያ የሚታሰበው ስያሜ ከሥነ ጽሑፍ የተወሰደው «ገጸ ባሕርይ» ነው። የቃሉ አካላት ጥንታውያን ናቸው። «ገጽ» በግዕዝ ፊት ማለት ነው፤ በሥላሴ ትምህርት ደግሞ ሦስቱን ገጻት ለማመልከት ይውላል። «ባሕርይ» ዕንቁ ማለትም ነው፤ «ባሕር» ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና አለው። በነገረ መለኮት ግን ሥላሴ በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ ሲባል የምንሰማው ጥልቅ ቃል ነው። በጎጃምና በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ በዚህ ቃል ዙሪያ የተካሄደው ክርክር እስከ 1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ዘልቋል። በዚያው ክርክር «ጸጋ» የአንድ ወገን መለያ ስለ ነበር፣ የተመራጩን ሰው ልዩ ችሎታ «ጸጋ» ከማለት «ብርታት» ማለት ይሻላል።

የልቦለድ ሐያስያን ሁለቱን ቃላት አጣምረው ዓለማዊ ትርጉም ስለ ሰጧቸው «ገጸ ባሕርይ» ዛሬ ለማንም እንግዳ አይደለም። ለጨዋታ ሠሪው ሥራም ይስማማል፤ ዊልሰንን ያሰበው ሰው ገጸ ባሕርይ ፈጥሯል። ችግሩ የሚመጣው በተጫዋቹ በኩል ሲታይ ነው። በዚህ ጨዋታ ሁለት ተጫዋቾች ሁለቱም ዊልሰንን ሊመርጡ ይችላሉ። ገጸ ባሕርዩ አንድ ነው፤ በሜዳው ላይ የሚመላለሱት ግን ሁለት ናቸው። ለዚህ አዲስ ስም መፍጠር አያስፈልግም። የአማርኛ አገናዛቢ «የአልማዝ ዊልሰን» እና «የካሣ ዊልሰን» ብሎ ጉዳዩን ይጨርሰዋል።

«ሚና» የሚለውን ቃል በዚህ ቦታ ማስገባትም ስሕተት ነው። እንጨት ለቃሚነት፣ ምግብ አብሳይነት፣ ዘብ ጠባቂነት ሚና ነው። ሮቦቱም ሊያበስል፣ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋም እንጨት ልትለቅም ስለምትችል፣ ሚና ከሥራ ክፍፍል ጋር መቆየት አለበት።

መ. ይዞ መጫወትና ሆኖ መጫወት

እንግዲህ ወደ ጨዋታ ቤቱ ምልልስ እንመለስ። «ይዞ መጫወት» በእግር ኳሱ ጨዋታ ፍጹም ተስማሚ ነው። ቡድን ይያዛል፤ ተጫዋቹም ከቡድኑ ውጭ ሆኖ ይመራዋል። ስለዚህ ግብ ሲቆጠር «ገባብኝ» ይላል። ጉዳቱ ከያዘው ነገር ወደ እሱ የተላለፈ መሆኑን «ብኝ» የሚለው ተለጣፊ ይነግረናል።

ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ ግን ሌላ ግሥ ይሰማል። «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ እንግዳ ልሁን» ይባባላሉ፤ ማንም ልጅ «እናትን ይዤ» አይልም። እናት የሆነችው ልጅ የእናትን ሥራ ትሠራለች፣ እንደ እናት ትናገራለች፣ ልጇ ሲያጠፋም ትቆጣለች። በሰዋስው ረገድ ልዩነቱ ግልጽ ነው። «ያዘ» ተሳቢ ይፈልጋል፤ «ዊልሰንን ያዝሁ» ይባላል። «ሆነ» ግን ያለ «ን» መሟያ ይወስዳል፤ «ዊልሰን ሆንሁ» ይባላል። በመጀመሪያው ሁለት ነገሮች አሉ፤ በሁለተኛው አንድ ሆነዋል። በጨዋታው ውስጥ ሞት ሲመጣም የይዞ ተጫዋች «ሞተብኝ» ሲል፣ የሆኖ ተጫዋች «ሞትሁ» ይላል።

ከዚህ የሚከተለውን መመሪያ ማውጣት ይቻላል። የሚመረጠው ቡድን፣ መኪና ወይም መሣሪያ ሲሆን «ይዞ መጫወት»፤ የሚመረጠው ጉድለቱ ለተጫዋቹ የሚተርፍ ሰው ሲሆን «ሆኖ መጫወት» ይባል። አብሮ በመሰንበት ጨዋታ ሁለተኛው ይመረጣል። ጓደኞች ዕቅድ የሚያወጡት ማን ምን እንደ ሆነ አይተው ነውና፤ ዎልፍጋንግ የሆነው ልጅ ሲመሽ «ጨለማ እፈራለሁና አትለዩኝ» ማለቱ የጨዋታው ደንብ ራሱ ነው።

ሠ. ሆድ፣ ጤና፣ ቀልብ

በጨዋታው ሰሌዳ ላይ የጨጓራ፣ የልብና የአንጎል ሥዕል ያለባቸው ሦስት መለኪያዎች አሉ። የመጀመሪያውን በቀጥታ «ረኃብ» ብሎ መሰየም ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ መለኪያው ሞልቶ 150 ሲያሳይ ሰውየው ጠግቧል ማለት ነው፤ «ረኃብ 150» ብሎ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ ግን ተቃራኒውን ይረዳል። ሁለተኛ፣ «ረኃብ» በአማርኛ የአንድ ሰው ሆድ ባዶ መሆንም፣ አገርን የሚመታ መዓትም ነው። የ1880ዎቹን ክፉ ቀን በአያቶቹ ወሬ የሰማ፣ 1966ን እና 1977ን ያየ ወይም ከወላጆቹ የሰማ አንባቢ ይህን ቃል በጨዋታ ሰሌዳ ጥግ ሲያገኘው ዝም ብሎ አያልፈውም። «ጥጋብ» በሒሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥጋበኛ ስንል ትዕቢተኛ ማለታችን ስለ ሆነ አይመችም። ሥዕሉ ራሱ የሚጠቁመው «ሆድ» ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ሆድ ይጎድላል። በዚሁ ምክንያት የጨዋታው ርእስ ሳይተረጐም እንደ ተጸውዖ ስም በፊደላችን ቢጻፍ ይመረጣል። በረኃብ አለመሞትን በቀልድ መልክ ማዘዝ በእኛ አገር ቀልድ አይሆንም።

ሁለተኛውን «ጤና» ማለት አያከራክርም። ሦስተኛው መለኪያ በጨለማ፣ በአውሬ አጠገብና በሙታን ጥላ ፊት የሚቀንስ ነው። «አእምሮ» ቢባል ሲቀንስ ዕብደትን ያመለክታል፤ ይህም የአእምሮ ሕመምተኞችን የሚነካ መዘዝ አለው። ቋንቋችን ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ እሱም «ቀልብ» ነው። በድንጋጤ ቀልብ ይገፈፋል፤ ሰው አርፎ፣ በልቶና ተጽናንቶ ቀልቡን ይሰበስባል። መለኪያው የሚወጣውና የሚወርደው በትክክል በዚህ መንገድ ነው።

ረ. የሐይቁ ዳር ቃላት

የጣና ዳር ተርጓሚ ከሌሎች ይልቅ የሚታደልበት ቦታም አለ። በጨዋታው ረግረግ ውስጥ የሚታጨድ ተክል አለ፤ ከእሱ ወረቀት ይሠራል፤ በወረቀቱም ዊከርቦተም መጽሐፎቿን ትጽፋለች። መዝገበ ቃላት ብቻ ያየ ሰው ተክሉን «ሸምበቆ» ይለው ይሆናል። ሸምበቆ ግን ሌላ ነው፤ ወረቀት የሚሆነው «ደንገል» ነው፤ በባሕር ዳር ደግሞ ደንገልን የማያውቅ የለም። «የታጨደ ደንገል» እና «የደንገል ወረቀት» ቢባል ስያሜውም ነገሩም ይገናኛሉ።

በአንጻሩ በ«ታንኳ» ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጣና ላይ ታንኳ ማለት ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ነው። በጨዋታው ውስጥ ከሳንቃ የሚሠራው ግን «ጀልባ» መባል ይገባዋል፤ «መቅዘፊያ» ግን ለሁለቱም ያገለግላል።

ሰ. መሰንበትና ነፍስ መዝራት

የጨዋታውን ዓይነት «የህልውና ጨዋታ» ማለት ለጆሮ ይቀላል። ነገር ግን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአማራ ክልል «የህልውና ዘመቻ» የሚለው ሐረግ የጦርነት ጥሪ ሆኖ ስለ ተሰማ፣ ቃሉን ለመዝናኛ ማዋል አግባብ አይሆንም። «መትረፍ» ደግሞ ወደ ትርፍና ወደ ትራፊ ያዘነብላል። ጨዋታው የሚቆጥረው በሕይወት የታለፉትን ቀናት ነው፤ ይህን የሚለው ግሥ «ሰነበተ» ነው። «ያሰንብተን» ብሎ የሚሰነባበት ሕዝብ «ስንት ቀን ሰነበታችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ያለ ማብራሪያ ይረዳል። ስለዚህ «አብሮ የመሰንበት ጨዋታ» የሚለው ቀርቧል። «ደቦ» ጠሪ ባለቤት ስላለው፣ «ወንፈል» ብድሩ በተራ ስለሚመለስ፣ «ኅብረት ሥራ» ደግሞ ለማኅበራት ስለ ተሰጠ አልተመረጡም።

የሞተ ተጫዋች ጥላ ሆኖ ይዞራል፤ የሕያዋኑንም ቀልብ ያጐድላል። አንድ ጓደኛው ከራሱ ጤና ቆርሶ በሚሠራው ልብ ሊመልሰው ይችላል። ይህን «ትንሣኤ» ማለት፣ በተለይ በገዳማቱ ሐይቅ ዳር፣ የተቀደሰውን ቃል ማርከስ ነው። «ነፍስ ዘራ» የሚለው ፈሊጥ ግን የደከመ ሰው ሲበረታ፣ የጠወለገ ተክል ሲያንሰራራ ሁሉ ይነገራልና «ነፍስ መዝራት» ይበቃል።

ሸ. ጾታ፣ አክብሮትና አነጋገር

ተርጓሚውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሁለተኛ መደብ ነው። ዌንዲን የሆነ ወንድ ልጅ ሆዱ ሲጎድል ሰሌዳው «ራበህ» ይበለው ወይስ «ራበሽ»? አዛውንቷን ዊከርቦተምን የሆነውን ልጅስ «ራበዎ» ይለዋል? እንግሊዝኛው ሳይጠየቅ ያለፈውን ነገር አማርኛ የግድ ይጠይቃል። መፍትሔው በጨዋታው ውስጥ አለ። ሰዎቹ የሚደርስባቸውን በራሳቸው አፍ ይናገራሉ፤ በአማርኛ ደግሞ አንደኛ መደብ ጾታም ማዕረግም አይለይም። «ራበኝ» ሲባል ለሁሉም ይሆናል። የመምረጫው ሰሌዳም «ምረጥ» ወይም «ምረጪ» ከሚል ይልቅ «ማን ልሁን?» ቢል ጥያቄው ይፈታል።

የእያንዳንዱ አነጋገርም ሊለይ ይገባል። ዊከርቦተም በተሟላ ዐረፍተ ነገር፣ በመጽሐፍ አማርኛ ትናገር። ሮቦቱ በእንግሊዝኛ የሚለየው ንግግሩ ሁሉ በትልልቅ ፊደላት በመጻፉ ነው፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ በምትኩ ግሡን ቆርጦ «ዝናብ፤ ጎጂ። መጠለያ፤ ተፈላጊ።» እንዲል ማድረግ ይቻላል። ዌስን መተርጐም አያስፈልግም፤ ዝምታው በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው።

ቀ. የቀረቡት ስያሜዎች

ለውይይት የቀረቡት የሚከተሉት ናቸው፦

ገጸ ባሕርይ — ሠሪው የፈጠረው ሰው፤
ሆኖ መጫወት — አንድን ገጸ ባሕርይ መርጦ በእሱ አካል መጫወት፤
ይዞ መጫወት — ቡድንን ወይም መሣሪያን መርጦ መጫወት፤
ማን ልሁን? — የመምረጫ ሰሌዳ ርእስ፤
ብርታትና ጉድለት — የገጸ ባሕርዩ መለያዎች፤
ሚና — በጓደኞች መካከል የሥራ ድርሻ፤
ሆድ፣ ጤና፣ ቀልብ — ሦስቱ መለኪያዎች፤
አብሮ የመሰንበት ጨዋታ — የጨዋታው ዓይነት፤
ነፍስ መዝራት — የሞተን ተጫዋች መመለስ።

ከእነዚህ አንዱም አዲስ የተፈጠረ ቃል አይደለም። አብዛኞቹ በእቃቃ ሜዳ፣ በሐይቁ ዳርና በጨዋታ ቤት ደጃፍ የሚነገሩ ናቸው። የስያሜ ሠራተኛ ወረቀቱን ከመዘርጋቱ በፊት ወደ እነዚህ ቦታዎች ሄዶ ቢያዳምጥ ብዙ ድካም ይቀርለታል። በሌላ አካባቢ ለ«ይዞ» እና ለ«ሆኖ» የተለየ አጠቃቀም የሰሙ አንባብያን ምሳሌውን ከነቦታው ቢልኩልን፣ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ይታረማል።