የክትባት ውሳኔ በክትትል ክፍል

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት ለክትትል የሚመላለስ ሰው ስለ ክትባት ሲነገረው፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው አስቀድሞ ስላለበት ሕመም ነው። ስኳሬን ያወጣብኛል? ከምወስደው ኪኒን ጋር ይጣላል? ኩላሊቴን አይነካም? «ክትባት ጥሩ ነው» የሚለው ጥቅል ምክር ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም። ታማሚው አውቆ እንዲወስን ከተፈለገ፣ ምክሩ የሚነሣው ከያዘው በሽታና ከሚወስደው መድኃኒት ነው።

በኢትዮጵያ ጎልማሳው ክትባትን የሚያውቀው በልጆቹ ካርድ ነው። መደበኛው ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር ትኩረቱ ሕፃናትና እናቶች ነበሩ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ከሌሎች አራት ጋር ተጣምሮ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላውን ሰው አላገኘውም። ስለዚህ «በዚህ ዕድሜዬ?» የሚል ታማሚ እምቢ እንዳለ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። እየጠየቀ ነው።

የኩላሊት ታማሚ ዘንድ ጉዳዩ ጎልቶ ይታያል። እጥበት የጀመረ ሰው ደሙ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በማሽን ስለሚያልፍ፣ በደም የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ቢ ከሌላው ሰው ይልቅ ያሰጋዋል። በሌላ በኩል ኩላሊት በደከመ መጠን ሰውነት ለክትባት የሚሰጠው ምላሽም ይቀንሳል። ጤናማ ወጣቶች ሦስቱን መርፌ በ6 ወር ውስጥ ሲጨርሱ ከ10ሩ ከ9 በላይ የሚሆኑት በቂ መከላከያ ያገኛሉ፤ እጥበት ላይ ያሉት ግን እጥፍ መጠን እየተሰጣቸውም እዚህ አይደርሱም። ስለዚህ የሚሻለው ኩላሊቱ መድከም ሲጀምር፣ እጥበት ሳይመጣ መከተብ ነው። ችግሩ ግን በዚያን ጊዜ ታማሚው ምንም አይሰማውም፤ ላልታየው አደጋ ገንዘብ አውጣ ሲባል ቢያመነታ አይፈረድበትም። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለመኖሩም ቀድሞ መመርመር አለበት፤ ካለ ክትባቱ አይጠቅመውም፣ የሚያስፈልገው ሌላ ክትትል ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው ሲጨርስም ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ የመከላከያው መጠን ይለካል፤ ከ10 በታች ከሆነ ክትባቱ ይደገማል። የእነዚህ ምርመራዎች ወጪ ከክትባቱ ዋጋ ጋር አብሮ ካልተነገረ፣ ታማሚው መንገድ ላይ ሊያቋርጥ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ እምነት ይገባል። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይብስበታል ሲባል ሰምቶ ያደገ ታማሚ፣ «የጉበት መርፌ» ሲባል ይደነግጣል። በዚህ መሳቅ አያዋጣም። ሄፓታይተስ ቢ ባልጸዳ መርፌም የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ፍርሃቱ ከናካቴው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የሚበጀው እምነቱ ስለታመመ ሰው መሆኑን፣ ክትባቱ ግን ገና ላልያዘው የሚሰጥ መሆኑን ማስረዳት፣ አዲሱንም መርፌ እሱ እያየ መክፈት ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ ዋናው መለያ ክትባቱ ሕያው መሆኑና አለመሆኑ ነው። የኩፍኝና የቢጫ ወባ ክትባቶች የተሠሩት ከተዳከመ ግን ሕያው ከሆነ ቫይረስ ነው። በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው፣ መድኃኒቱን ካቆመ አንድ ወር ሳይሞላው እነዚህን አይከተብም። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖርና የሲዲ4 ቁጥሩ ከ200 በታች የሆነም እንዲሁ። ይህ በተለይ የሚያስፈልገው ውጭ አገር ልጆቹ ዘንድ ሊሄድ ቢጫ ካርድ የተጠየቀ ታማሚ ሲመጣ ነው፤ መከተብ የማይችልበትን ምክንያት የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ሊጻፍለት ይችላል፤ የሚሄድበት አገር መቀበሉን ግን አስቀድሞ ይጠይቅ። በመርፌ የሚሰጡት የኢንፍሉዌንዛ፣ የሳንባ ምችና የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች ሕያው ስላልሆኑ በሽታውን ሊያስይዙ አይችሉም። ለመገጣጠሚያ ሕመሙ ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲወስድ፣ ሕመሙ ረገብ ያለ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት ሊያቆይለት ይችላል፤ ምላሹን ያሻሽላል። በራሱ ግን አያቋርጥም። ደም ማቅጠኛ የሚወስደውም ይከተባል፤ በቀጭን መርፌ ይወጋና ቦታው ሳይታሽ ለሁለት ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዛል።

የሚያስከትለውን ነገር ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። ክንድ ያማል፣ ትኩሳትና ድካም ይኖራል፣ የስኳር ታማሚም ለአንድ ሁለት ቀን ስኳሩ ከፍ ሊልበት ይችላል። ይህን ቀድሞ የሰማ ሰው ቤቱ ሆኖ ስኳሩን ይለካል፤ ያልሰማው ግን «ክትባቱ በሽታዬን ቀሰቀሰው» ብሎ ለዕድር ጓደኞቹ ያወራል፤ ያንን ወሬ መመለስ ደግሞ ከባድ ነው።

ከሚከራከር ታማሚ ይልቅ የሚያስቸግረው «ዶክተር፣ እርስዎ ካሉ ምን አለኝ» የሚለው ነው። ይህ አክብሮት እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ በሁለተኛው መርፌ ቀን ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ የተነገረውን በራሱ አፍ እንዲደግም መጠየቅ ይጠቅማል፦ ከምን ይጠብቀኛል፣ ምን ሊሰማኝ ይችላል፣ ባልከተብ ምን ሊገጥመኝ ይችላል። ወጪውን የሚሸፍነው ልጅ ወይም እህት ከሆነ ደግሞ ውሳኔው ቤት ውስጥ ስለሚያልቅ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዞት እንዲመጣ ማድረግ ይሻላል። አልፈልግም ያለ ታማሚም የስኳር ወይም የግፊት ክትትሉ እንደማይጓደልበት በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ምክንያቱ ካርዱ ላይ ይጻፋል፦ ዋጋው ከብዶት ነው፣ መርፌ ፈርቶ ነው ወይስ ከዘመድ ሊመክር ነው። «አልተስማማም» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ቀጣዩ ባለሙያ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።