ፌስታል ወይስ ጉልቻ? ከራቤል ማድቤት የሚጀምር ስሌት

ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሰጠውን ምክር ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሥጋ ቀንሱ፣ የጨርቅ ቦርሳ ያዙ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣ ፍራፍሬ አትግዙ፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል የተለጠፈበትን ሳሙና ምረጡ... ምክሩ መጥፎ አይደለም። ችግሩ የተጻፈው ለሌላ ሰው መሆኑ ነው። ሰሜን ሸዋ፣ ግሼ ወረዳ፣ ራቤል ለምትኖር አንዲት እናት «ሥጋ ቀንሺ» ማለት ምን ትርጉም አለው? የዓመቱን እኩሌታ በጾም ታሳልፋለች። «ከሩቅ የመጣ አትብዪ» ብንላትስ? ገብሷና ባቄላዋ የበቀሉት ከጓሮዋ ጀርባ ነው።

ታዲያ እሷ የምትመርጠው ነገር የለም ማለት ነው? አለ እንጂ! ግን ምርጫው ያለው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ምድጃዋ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ማንኛውም ምግብ ወይም የቤት ዕቃ ልንጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎችን ይዘን በቁጥር እንሄዳለን። አንደኛ፣ ምን ያህል ይነድበታል? ሁለተኛ፣ ስንት ዘመን ያገለግላል? ሦስተኛ፣ ሲያልቅ የት ይገባል?

ደጋ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

«100» ያላችሁ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሆናችሁ ልክ ናችሁ። ከፍ ባልን ቁጥር ግን ከላያችን የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ አየሩ ሲቀንስ ውሃው ቶሎ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በግሼና በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል እንጨት ብትጨምሩበት ክዳን ያለው ተራ ድስት ከ90 እምብዛም አያልፍም። ባቄላ የሚያበስለው ደግሞ መንተክተኩ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የማብሰያው ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል። የደጋ ንፍሮ አልበስልም እያለ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

እስኪ እናስላው። 5 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 90 ለማድረስ 1.6 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ደረቅ እንጨት በኪሎ 15 ሜጋጁል ያህል አለው። ስለዚህ የአንድ ኪሎ አንድ አሥረኛ መብቃት ነበረበት። ነገር ግን ሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ሙቀት ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከመቶ 10 እጅ አካባቢ ብቻ ነው። የቀረው ጉልቻውን፣ ግድግዳውንና አየሩን ያሞቃል። ስለዚህ ውሃውን ለማፍላት ብቻ አንድ ኪሎ እንጨት ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ድስቱን ሳንከድን እናንተክትክ እንበል። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲጠፋ 2.3 ሜጋጁል ገደማ ይዞ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ አንድ ሊትር ማትነን አምስት ሊትር ከማፍላት ይበልጣል! በጉልቻ ሒሳብ ወደ አንድ ተኩል ኪሎ እንጨት መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ እንጨት ነዶ ባቄላው አንድ ዲግሪ እንኳ አልጨመረም።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ባቄላውን ማታ ዘፍዝፉት፣ ድስቱን ክደኑት፣ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱት። ከሙሉው ይልቅ ክኩ ቶሎ ይበስላል፤ ሙቀት ወደ መሐሉ ለመግባት የሚሄድበት መንገድ ያጥራልና። አቅም ላለው ደግሞ በግፊት የሚያበስል ድስት ለደጋ ሰው የተሠራ ይመስላል፤ እንፋሎቱን አምቆ የመፍያ ነጥቡን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል።

በነገራችን ላይ እናቶቻችን ይህን ችግር ከቀመር በፊት ፈትተውታል። ሽሮ ምንድን ነው? ተቆልቶና ተፈጭቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚበስል ጥራጥሬ ነው። በሶስ? አንዴ የተቆላ ገብስ በየዕለቱ ያለ እሳት ይበላል። መቁላቱና መፍጨቱ የራሱ ወጪ ቢኖረውም በአንድ ጊዜ ለብዙ ቀን ስለሚሠራ ለእያንዳንዱ ማዕድ የሚደርሰው ትንሽ ነው።

እንጀራውስ?

ምጣድ ወደ 200 ዲግሪ መድረስ ስላለበት ከማድቤት ሥራ ሁሉ ማገዶ የሚፈጀው እንጀራ መጋገር ነው። በአገራችን «ምርጥ» የተባለው ምድጃ የተሠራው ለዚሁ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀይጦ በቅርጽ የሚወጣ ሲሆን ምጣዱን ዙሪያውን ይዘጋል። በሌላ አነጋገር ቀድሞ ወደ ጎን ይበተን የነበረውን ነበልባል ከምጣዱ ሥር ያስቀረዋል። በፍተሻ ሲለካ ከሦስት ጉልቻ አንፃር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ጭራሮም ኩበትም ይቀበላል። ከጀርባው በሚወጣው ትኩስ ጭስ ላይ ድስት መጣድም ይቻላል።

መብራት ያለው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጠቀም ደግሞ ይበልጥ ያተርፋል። ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ስለዚህ ምጣዱ ጭስ ከማድቤት አውጥቶ ሌላ ቦታ በከሰል ድንጋይ አያጨስም። መብራት ሲጠፋ ግን እንጀራው አይጠብቅም፤ ሁለቱን አጣምሮ መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ነገሩ የጫካ ጉዳይ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ላይ እንደሞተ ገምቷል። ከእሳቱ አጠገብ የሚውሉት ደግሞ እናቶችና ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው።

ከሰል ንጹሕ ነው እንዴ?

ከሰል አይጨስም፣ ድስት አያጠቁርም፣ ለመያዝም ይቀላል። ግን ጭሱ የት ሄደ? ከሰሉ በተከሰለበት ቦታ ቀርቷል። በተለመደው በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰለው ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ወደ 7 ኪሎ እንጨት ይገባል። 7 ኪሎ እንጨት 105 ሜጋጁል አለው፤ አንድ ኪሎ ከሰል ግን 29 ገደማ። ከመቶው 70 እጅ በላይ ማድቤታችን ሳይደርስ ሜዳ ላይ ተቃጥሎ ቀርቷል ማለት ነው።

የቀረውን ተራ የቆርቆሮ ምድጃ ላይ ስናነደው፣ ድስቱ አንድ አምስተኛውን ቢያገኝ፣ ከመጀመሪያው እንጨት የተጠቀምነው ከመቶ 6 እጅ አይሞላም። ከሦስት ጉልቻ አነሰ እኮ! ሸክላ የተገጠመለት «ላቀች» የከሰል ምድጃ ከተራው ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፤ ከሰል ግድ ከሆነ እሱን ምረጡ። ያም ሆኖ የዛፉ ሒሳብ አይካካስም።

አንድ ነገር አደራ። ደጋ ሌሊቱ ይበርዳልና ፍም ወደ መኝታ ቤት ይዞ መግባት የተለመደ ነው። ከሰል ባይጨስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የተኛን ሰው እንደተኛ ይገድላል። ከፍም ጋር አትተኙ።

ኩበት የማን ነው? የእሳቱ ወይስ የማሳው?

እንጨት በራቀበት ደጋ ኩበት ዋና ማገዶ ነው። በነፃ የሚገኝ ይመስላል። እውነት ነፃ ነው? በደረቅ ፍግ ውስጥ ከመቶ 1.5 ገደማ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን 5 ኪሎ ኩበት ያነዳል እንበል። በዓመት 1,825 ኪሎ ይሆናል፤ በውስጡ 27 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አለ። ዩሪያ ማዳበሪያ ከመቶ 46 ናይትሮጅን ስለሆነ ይህ ከ60 ኪሎ ዩሪያ ጋር ይስተካከላል። የ50 ኪሎ ከረጢት ሙሉ ተቃጥሎ፣ ትርፍም አለው!

ፍጉ ማሳ ላይ ቢውልም ሁሉም ናይትሮጅን ለገብሱ አይደርስም፤ ከፊሉ በፀሐይና በዝናብ ይባክናል። ግን ፍግ ዩሪያ የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል፤ አፈሩ ውሃ እንዲይዝና እንዳይታጠብ የሚያደርገውን ብስባሽ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይበናል። አመዱ ውስጥ ፎስፈረስና ፖታሲየም ስለሚቀር አመዱን አትድፉት፣ ወደ ጓሮ መልሱት።

እዚህ ላይ ነው ምድጃና ማሳ የሚገናኙት። የቆጠብነው እያንዳንዱ ኩበት ወደ አፈር የሚመለስ ምግብ ነው። ባቄላን ከገብስ ጋር እያፈራረቁ መዝራትም ሌላው መንገድ ነው፤ የባቄላ ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይመግባሉ።

ፌስታልና ብርድ ልብስ

ፌስታሉን ረሳነው? አልረሳነውም። አንድ ቀጭን ፌስታል 6 ግራም ይመዝናል ብንል ጥሬ ዕቃውን ጨምሮ ለመሥራት ግማሽ ሜጋጁል ገደማ ይወስዳል። አንድ ኪሎ እንጨት መቆጠብ 30 ፌስታል ከመተው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ታዲያ ፌስታል ምንም አይደለም? ነው እንጂ! ግን ጉዳቱ በሜጋጁል አይለካም። በሦስተኛው ጥያቄ፣ «ሲያልቅ የት ይገባል?» በሚለው ይለካል። በግ ወይም ላም ከሣር ጋር ስትውጠው አይፈጭም፣ ሆዷ ውስጥ እየተጠራቀመ ያከሳታል፣ ይገድላታልም። ማሳ ውስጥ ሲቀበር የውሃውን መንገድ ይዘጋል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆኑ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ምክር ቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉትን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እሳት ለማቀጣጠል ደግሞ ፌስታል ፈጽሞ አታንድዱ። ጭሱ መርዝ ነው፣ የሚገባውም ወደ ሳንባችሁና ወደ ምግባችሁ ነው።

አሁን ደግሞ የመንዝ ባናን ከገበያው የፖሊስተር ብርድ ልብስ ጋር እናወዳድር። በኪሎ ብቻ ካሰላችሁት ሱፍ ይሸነፋል፤ በግ የሚያመሰኳ እንስሳ ስለሆነ ሚቴን ጋዝ ያወጣል። ግን የመንዝ በግ የሚረባው ለሱፉ ብቻ አይደለም፤ ለሥጋውና ለገንዘቡም ነው እንጂ። ሱፉ ባይሸጥም በጉ ይኖራል። ደግሞም በሁለተኛው ጥያቄ እንካፈል፤ ባና ከእናት ለልጅ ይተላለፋል። ሲያልቅም አፈር ይሆናል። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ስለሆነ በታጠበ ቁጥር ጥቃቅን የፕላስቲክ ክር ወደ ወንዝ ይለቃል። ስለዚህ አዲስ የምትገዙ ከሆነ ባና፤ ፖሊስተሩ ቤት ካለ ግን እስኪያልቅ ተጠቀሙበት፤ ያለውን ጥሎ «ተስማሚውን» መግዛት ራሱ ብክነት ነው።

ቅደም ተከተሉ

ቁጥሮቹን ስንደረድራቸው ለራቤል ቤት ዝርዝሩ እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ ምድጃና ክዳን፣ ቀጥሎ ኩበትን ወደ ማሳ መመለስ፣ ቀጥሎ ከሰልን መቀነስ፣ ከዚያ ፌስታል፣ ከዚያ ሌላው። አዲስ አበባ አፓርታማ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚያበስል ሰው ዝርዝሩ ሌላ ይሆናል፤ ለንደን ያለውም እንዲሁ። ጥያቄዎቹ ግን ለሁሉም ያው ናቸው።

እንዲህ አስቦ መጠቀም ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በመንዝ ጌራ ምድር የጓሳን ሣር «ቄሮ» በተባለ የጋራ ሥርዓት ሲጠብቁት ወደ 400 ዓመት ገደማ ሆኖታል። አካባቢውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢዳከምም ማኅበረሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቁሞታል። ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያሉበት ሰው ቆጥቦ ስለተጠቀመበት ነው።

እኔን አትመኑኝ፣ ለኩት። ለአንድ ሳምንት እንደ ወትሮው አብስሉና የምታነዱትን መዝኑ። በቀጣዩ ሳምንት ያንኑ ምግብ ዘፍዝፋችሁ፣ ከድናችሁ፣ እሳት ቀንሳችሁ አብስሉና እንደገና መዝኑ። ሚዛን ከሌላችሁ ሸክሙን ቁጠሩ። ልዩነቱን ስታዩት ቀጥሎ ምን መግዛት፣ ምንስ መተው እንዳለባችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።