እግር አጣቢው
(ከአንድ የገጠር ነርስ ማስታወሻ)

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ጀምሮ ዓባይ እስከሚመነጭበት እስከ ግሽ ድረስ ያለው ቀይ አፈር እህል አብቅሎ ሕዝቡን የሚመግብ ቢሆንም፣ በባዶ እግሩ ዘመኑን ሁሉ ሲያርሰው ለኖረ ገበሬ ግን ደቃቁ ቅንጣት በቆዳው ዘልቆ የሊምፍ ቧንቧዎችን እያስቆጣ ስለሚደፍናቸው፣ ዝሆኔ የምንለውን የእግር እብጠት ያመጣበታል። መነሻው አፈር እንደሆነ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሀገራችን ሲሠሩ መርምረው ካሳዩ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሆኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከተዘነጉት የሐሩር ደዌያት ጋር የቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ነው። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕሙማን እንዳሉት የሚገመት ደዌ ይህን ያህል ተረስቶ መኖሩ አልደነቀኝም፤ ማደሪያው የድኻ እግር ነውና።

ሕክምናው በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በገባበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባትና መጫማት ነው።

ከሕሙሙ ጋር አንድ ዘመድ እንዲመጣ እናዛለን። የሚመጣው ብዙ ጊዜ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጥሎ ደጅ የሚቆም ጎልማሳ ነው፤ ደዌው ከሰው ወደ ሰው ባይተላለፍም፣ ዘሩ እንዳይነሣበት፣ እኅቱም ባል እንዳታጣ ይሰጋልና አልነቅፈውም። ስብከትም አላሰማውም፤ ሳፋውን አስይዤ የእናቱን እግር አሳጥበዋለሁ። መጀመሪያ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ በጣቱ ጫፍ ይነካካል፤ ውኃው ከተለወጠ በኋላ ግን ከስንጥቁ ውስጥ ያለውን አፈር ጎንበስ ሳይሉ ማውጣት አይቻልምና ይጎነበሳል። «ተው ልጄ፣ እጅህ ይሸታል» ትላለች እናት። እሱም «እናቴ፣ እዚች ላይ ያምሻል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ርኅራኄ አስቀድሞ በልብ ካልተፀነሰ በእጅ አይወለድም የሚሉ መምህራን አሉ፤ እኔ እጠራጠራለሁ። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር በወይንና በወይራ ቅጠል ሲያጥብ፣ ሥርዓቱ ልቡናው እስኪራራ አይጠብቀውም፤ ዝቅ ብሎ እንዲያጥብ ብቻ ያዘዋል።

ከእኛ ዘንድ የሚደርሱት አብዛኞቹ ከግሽ ዓባይ ጠበል ተጠምቀው ነው፤ ጠበላችሁን አትተዉ፣ ስትመለሱ ግን ተጫሙ እላቸዋለሁ። መጫማቱ ነው ጭንቁ፤ ያበጠ እግር የገበያ ጫማ አይገባለትም፣ በልክ ማሰፋት ይሻል። ከእነዚያ አጣቢ ልጆች አንዱ ባለፈው የገበያ ቀን ልክ የተወሰደባቸው ሁለት ገመዶች ይዞ መጣ፤ አንዱ የእናቱ፣ ሁለተኛው ሰው ከማኅበር ያገለላቸው የአንዲት ጎረቤቱ አሮጊት ነበር። የሰፊውን ዋጋ ከየት እንደምናገኝ ገና እየተመካከርን ነው።