ስለ አደይ አበባ

የክረምቱ ዝናም አልቆ ጉሙ ከተራራው ሲነሣ፥ የደጋውንና የወይና ደጋውን ሜዳ ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ ነው። ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ ዕለት ከለምለም ሣር ጋራ አስረው ለየቤቱ ያበረክቱታል፤ መስከረም 16 ቀንም በደመራው ጫፍ ላይ ይታሰራል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚቈጠረው ዘመነ ጽጌም የሚገባው እርሱ ገና በሜዳው ሳለ ነው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዓለም የቅርስ መዝገብ ተጽፏል፤ አበባው ግን ጠባቂ የለውም።

የዕፅዋት ዐዋቂዎች አደይን ቢዴንስ ከሚሉት ወገን ይቈጥሩታል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ ይኸውም ከወገኑ የብዙዎቹ ፍሬ በጫፉ ሁለት ሹል ጥርስ ስላለው ነው። ኑግና መጭም የዚሁ ነገድ ዘመዶች ናቸው። ሰው አንድ አበባ ብሎ የሚቀጥፈው በእውነቱ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። በመካከሉ ያለው ክብ በጥቃቅን አበቦች የተመላ ነው፤ በዙሪያው እንደ ቅጠል የተዘረጋውም ቢጫ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው። የዙሪያዎቹ ዘር የላቸውም፥ ንብን ለመጥራት ብቻ ቆመዋል፤ ዘሩን የሚይዙት የመካከሎቹ ናቸው።

አደይ በብዛት በአንድ ዓመት በቅሎ በዚያው ዓመት የሚደርቅ ስለሆነ፥ ተስፋው በወደቀው ዘር ብቻ ነው። ለበዓል አንድ እቅፍ መቁረጥ አያጠፋውም። ሳያፈራ መስኩ በሙሉ ሲታጨድ ወይም ሲገለበጥ ግን ለሚመጣው ክረምት የሚበቅል አይቀርም። ገበሬው ከጤፉ መካከል አረም ብሎ ቢነቅለው አይፈረድበትም፥ እህሉን ይሻማዋልና። የሚያሳዝነው የድንበሩንና የመንገዱን ዳር ሳያስቀሩ ማረስ፥ ሰፊ ቅጠል ያለውን የሚገድለውንም የአረም መድኃኒት ከእርሻው አሳልፎ መርጨት ነው። በተራቈተውም ዳር ከአሜሪካ የመጣው ቅንጬ አረም ፈጥኖ ይሰፍራል። የሚገርመው እርሱም የአደይ ነገድ መሆኑ ነው፤ ግን ከብት አይወደውም፥ የበላችውም ላም ወተቷ ይመራል።

ጉዳቱ እስከ ቀፎው ይደርሳል። በጥቅምትና በኅዳር በደጋው አገር የሚቆረጠው ቢጫ ማር በብዛት ከአደይና ከመጭ የሚገኝ ነውና። የቀበሌ ሹማምንት የመንገዱን ዳር፥ የደብር አለቆችም የቅጽሩን ሣር፥ አበባው ዘሩን እስኪያረግፍ ድረስ ሳይታጨድ ቢያቆዩት ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሣሩም ከዚያ በኋላ ታጭዶ ለከብት ይሆናል።