ዋስትናው ሳያልቅ የመኪናን ጉድ ማወቅ

በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቾቹ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ታክሲ ከሚነዱት መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ማሳደጊያና አዲስ አበባ ላሉ ወላጆች የሚላክ ገንዘብ ጭምር ነው። መኪናው ለሳምንት ጋራዥ ቢቆም የሳምንቱ ገቢ አብሮ ይቆማል። የተበላሸው ካምቢዮ ወይም ሞተር ከሆነ ደግሞ ወጪው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

ይህን ስጋት ለማቃለል ሲባል የፋብሪካው ዋስትና ሲያበቃ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ “የተራዘመ ዋስትና” መግዛት በአሜሪካ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ዋስትና በራሱ ተነስቶ መኪና አይመረምርም። ብልሽቱን በጊዜ ማግኘት፣ ማመልከትና በጽሑፍ ማስያዝ የባለመኪናው ሥራ ነው። ዋስትናው ማክሰኞ አብቅቶ ብልሽቱ ረቡዕ ቢታወቅ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለመኪናው ነው። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ስሙ ዋስትና፣ ግብሩ ውል

የተራዘመ ዋስትና በአሜሪካ ሕግ አነጋገር የአገልግሎት ውል ነው። የፋብሪካው ዋስትና ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ ይመጣል። ይህኛው ግን ለብቻው ይሸጣል፤ የሚሸፍነውም በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከኮፈኑ ሳይሆን ከውሉ ይጀምራል።

በውሉ ላይ በቅድሚያ የሚታዩት አራት ነጥቦች ናቸው። አንደኛው ሽፋኑ ነው። አንዳንዱ ውል የሚሸፍናቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ያልተዘረዘረው አይሸፈንም። ሌላው የማይሸፍናቸውን ይዘረዝራል፤ የቀረው ይሸፈናል። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ የዝናብ መጥረጊያና የመሳሰሉት በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም አይካተቱም።

ሁለተኛው መኪናው የሚውልበት ሥራ ነው። በርካታ ውሎች ለታክሲ፣ በስልክ መተግበሪያ ለሚሠራ የተሳፋሪ አገልግሎት ወይም ለዕቃ ማድረስ የዋለን መኪና አይሸፍኑም፤ ወይም ለዚሁ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። ለእንጀራው የሚነዳ ሰው ይህን አንቀጽ የሚያነበው ካምቢዮው ከወደቀ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል።

ሦስተኛው ባለመኪናው ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ ነው። ድርሻው 100 ዶላር ነው እንበል። አንዳንዱ ውል ይህን የሚያስከፍለው በአንድ የጋራዥ ጉብኝት ነው፤ ሌላው በእያንዳንዱ ጥገና ነው። በጉብኝት ከሆነ አራት ብልሽቶችን አንድ ላይ ይዞ መሄድ 300 ዶላር ያተርፋል።

አራተኛው ማብቂያው ነው። ውሉ ቀንም ማይልም አለው፤ ቀድሞ የደረሰው ይዘጋዋል። ማይሉ የሚቆጠረው መኪናው ከተሠራበት ከዜሮ ነው ወይስ ውሉ ከተገዛበት ዕለት የሚለውም ከውል ውል ይለያያል። በቀን አቆጣጠር ስድስት ወር የቀረው ውል 5,000 ማይል ብቻ ቀርቶት ከሆነ፣ በሳምንት 1,000 ማይል ለሚነዳ ሹፌር የቀረው አምስት ሳምንት ነው።

ለምን በመጨረሻው ሳምንት አይሆንም?

ፍተሻው ቢያንስ ሁለት ወር ወይም ወደ 3,000 ማይል ሲቀረው ቢጀመር ይመረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ብልሽት በአንድ ቀን አይረጋገጥም። ዘይት ይበላል የተባለ ሞተር ዘይቱ ተለክቶ፣ ወደ 1,000 ማይል ተነድቶ፣ እንደገና መለካት ይኖርበታል። አንዳንዴ ብቻ የሚሰማ ድምፅ መካኒኩ ፊት ላይሰማ ይችላል። መለዋወጫ ታዝዞ የሚመጣበትና የዋስትናው ኩባንያ መርማሪ የሚልክበት ጊዜም አለ።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ

ባለመኪናው ያለምንም መሣሪያ ሊያየው የሚችለው ብዙ ነው። መኪናው ባደረበት ቦታ ንጹሕ ካርቶን ከሥሩ ማንጠፍ ይቻላል። ጠዋት ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ ከታየ የሞተር ዘይት ነው። ቀላ ያለው ብዙውን ጊዜ የካምቢዮ ዘይት ነው። አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ሊሆን ይችላል። ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ ግን ችግር አይደለም።

ሞተሩ ከሌሊት ዕረፍት በኋላ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ማዳመጥ ይገባል። ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅ የሞተሩ ካቴና ወይም ካቴናውን የሚወጥረው ዕቃ መላላቱን ሊጠቁም ይችላል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ታይቶ ቶሎ ከጠፋ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ፣ ምናልባትም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ መንዳት ነው። ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ መኪናው ቆይቶ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ማርሽ ሲቀያየር ከተንገጫገጨ ካምቢዮው ይታይ። ባዶ ሜዳ ላይ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ መኪናው ቀስ ብሎ ሲዞር “ቀጭ፣ ቀጭ” የሚል ድምፅ ከተሰማ የሴሚያሱ መጋጠሚያ ማለቁን ይጠቁማል። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ ምልክት ነው።

ሳይረሳ መፈተሽ ያለበት ሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ መስኮት፣ የበር ቁልፍ፣ መስታወት፣ የመቀመጫ ማንቀሳቀሻና የኋላ ካሜራ አንድ በአንድ ይሞከር። ዋስትናው በክረምት ብርድ ወራት የሚያልቅ ከሆነ የአየር ማቀዝቀዣው የሚሞከረው ብርዱ ሳይገባ ነው፤ በኃይለኛ ብርድ ኮምፕረሰሩ ስለማይነሳ ብልሽቱ ተደብቆ እስከ በጋ ሊቆይ ይችላል።

ኮምፒውተሩ የሚናገረው

ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት አለው። ኮምፒውተሩ የዳሽቦርዱ መብራት ከመብራቱ በፊት የጀመሩ ችግሮችን ጭምር መዝግቦ ይይዛል። በዚህ ሶኬት የሚሰካ ትንሽ ማንበቢያ ርካሽ ነው። ነገር ግን የተነበበውን ኮድ ማጥፋት ወይም ባትሪውን መንቀል ማስረጃን ማጥፋት ስለሚሆን ባለመኪናው ከዚህ መቆጠብ አለበት።

ከዚህ በኋላ ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ከሥሩ ቢያየው ጥሩ ነው። የፍተሻው ዋጋ ከባለመኪናው ኪስ ይወጣል፤ ሆኖም ከአንድ ትልቅ ጥገና ጋር አይወዳደርም። የፍተሻው ውጤት ቀንና የተነዳው ማይል ተጽፎበት በወረቀት መያዝ አለበት።

ጋራዥ ሲገባ

“ሁሉንም እዩልኝ” ማለት አያዋጣም። ጠቅላላ ፍተሻ በውሉ ስለማይሸፈን ሒሳቡ ወደ ባለመኪናው ይዞራል። የሚሻለው የታየውን ምልክት ለይቶ መናገር ነው። “ካምቢዮው ሞቷል” ከማለት ይልቅ “መኪናው ሲሞቅ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ይንገጫገጫል” ማለት መካኒኩንም ኩባንያውንም ወደ ጉዳዩ ይመራል።

ሌላው ጥንቃቄ የቅድሚያ ፈቃድ ነው። አብዛኞቹ ውሎች ጥገናው ሳይጀመር ኩባንያው ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳሉ። ያለ ፈቃድ የተፈታ ሞተር የባለመኪናው ዕዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሞተሩ ተፈቶ ብልሽቱ ከሽፋን ውጪ ሆኖ ቢገኝ የመፍቻውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መጠየቅም ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው። ጋራዡ “ምንም አላገኘንም” ቢል እንኳ የቀረበው አቤቱታ፣ ቀኑና ማይሉ የተጻፈበት ሰነድ ይጠየቅ። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማብራሪያ መሠረት፣ በዋስትናው ዘመን የተመለከተና በትክክል ያልተጠገነ ብልሽት ዋስትናው ቢያልቅም ሰጪው ሊያስተካክለው ይገባል። ለብቻው በተገዛ የአገልግሎት ውል ግን ወሳኙ የውሉ ቃል ስለሆነ በማብቂያው ቀን አካባቢ የተሰጠ ሰነድ የበለጠ ዋጋ አለው።

ኩባንያውም በበኩሉ የባለመኪናውን ወረቀት ይጠይቃል። ዘይት በጊዜው ስለመቀየሩ ደረሰኝ ከሌለ ክፍያ ሊከለክል ይችላል። ዘይቱን ራሱ የሚቀይር ሰው የዘይትና የፊልትሮ መግዣ ደረሰኙን ከነማይሉ ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግኑሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ እንደሚለው፣ የፋብሪካ ዋስትና ሰጪ አገልግሎቱን በነጻ ካልሰጠ በቀር “ዘይት የቀየርከው እኛ ጋ አይደለም” ብሎ ብቻ ዋስትና መከልከል አይችልም። እየሞቀ ያስቸገረን ሞተር እያወቁ መንዳት ግን ሽፋኑን ሊያሳጣ ይችላል።

ከውሉ ውጪ ያሉ መብቶች

የተራዘመው ዋስትና ከመነካቱ በፊት በነጻ የሚሠራው ተለይቶ ይታወቅ። ፋብሪካው ለደኅንነት ሲባል የጠራው መኪና ጥገናው ከክፍያ ነጻ ነው። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 15 ዓመት እስኪሞላው ይህ መብት ይጸናል። የመኪናውን ባለ17 ፊደልና ቁጥር መለያ ወደ ብሔራዊው የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስገብቶ ማየት ይቻላል። የጭስ ማጣሪያውና የልቀት መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩም በፌዴራል ሕግ ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል ዋስትና አላቸው። በታክሲ ሥራ ላይ በብዛት የሚታዩት የቶዮታ ሃይብሪድ መኪናዎች ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሃይብሪድ ባትሪያቸው የ10 ዓመት ወይም የ150,000 ማይል የፋብሪካ ዋስትና ተሰጥቶታል።

“ዋስትናዎ ሊያልቅ ነው” የሚል ስልክ

ዋስትናው ሊያልቅ ሲል፣ አንዳንዴም ምንም ዋስትና ሳይኖር፣ ስልክ ይደወላል። በቴፕ የተቀዳ ድምፅ አዲስ ውል እንዲገዛ ያጣድፋል። የዚህ ዓይነቱ ጥሪ በመብዛቱ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 የስልክ ኩባንያዎች ከአንድ የታወቀ ቡድን የሚመጡትን እንዲዘጉ አዟል። ለማይታወቅ ደዋይ የባንክ ካርድ ቁጥር መስጠት አደጋ ነው።

አዲስ ውል መግዛት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውንም ጥያቄ ቢሆን የሚመልሰው የፍተሻው ወረቀት ነው። መኪናው ጤነኛ ከሆነ ለአዲስ ውል የሚወጣውን ገንዘብ ለጥገና ቆጥቦ ማስቀመጥ ይሻል ይሆናል። ብልሽት ከተገኘበት ደግሞ ሒሳቡ አሁን ባለው ውል ይጠየቃል፤ ዛሬ የታወቀን ብልሽት ነገ የሚገዛ ውል አይሸፍነውምና። በሁለቱም መንገድ ባለመኪናው የሚያተርፈው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ከተጠቀመባቸው ነው።